ለዘይነብ፦ ከቡርቃ በላይ ስለቀበርናቸው ላስቲኮች

ዘይነብ፣ አሰላሙ ዓለይኪ።

ጀማል ከተወለደ ወዲህ ስምሽን ጠርቼው አላውቅም። ሀዳ ጀማል ነበርሽ፤ የጀማል እናት። እኛ ዘንድ ወጉ ይሄ ነው፤ ባል ሚስቱን በበኩር ልጅ ስም ይጠራል። ዛሬ ግን በገዛ ስምሽ ጠራሁሽ። ያኛው ስም አፌ ላይ ሲመጣ ይጎመዝዘኛል። ለምን እንደጎመዘዘኝ ልነግርሽ ነው ይሄን ሁሉ የማስጽፈው።

ከተለየሽኝ ባለፈው አረፋ ሦስት ዓመት ሞላሽ። ሸኹ ለሙት ዱዓ እንጂ ደብዳቤ አይደርስም ብለውኛል። ዱዓውን አላጓደልኩም፤ በየጁምዓው ከመስጊድ ስመለስ መቃብርሽ ጋ ቆሜ አደርሳለሁ። ዱዓ ላይ ግን ሰው አይሰደብም። እኔ ደግሞ የምሰድበው ሰው አለኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን አልኩ።

የምትጽፍልኝ ራውዳ ናት፤ የጀማል ሚስት። አንቺ ስትሄጂ ገና የታጨች ልጅ ነበረች፣ አሁን ጎባ አስተማሪ ሆናለች። ጽሑፏ ያምራል ይላሉ፣ እኔ ምን አውቄ። ባሏን የምሰድብበትን ደብዳቤ ሚስቱን ማስጻፌ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ሌላ ሰው ባስጽፍ ግን ነገሬን ያሳምረዋል፤ እሷ እንዳልኩት ትጽፋለች። አሁን እንኳ እስኪርብቶዋን አንስታ አየችኝ። ጻፊ ብያታለሁ።

ቤታችን እንደነበረ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ዳማው ፈረሴ ባለፈው ዓመት ሞተ፤ እርጅና ነው፣ አላለቀስኩም፣ ለሁለት ቀን ግን ምግብ አልበላሁም። ዶሮዎችሽን ሸለምጥማጥ ጨረሳቸው። ባጃጅ ከጎባ ተነስቶ እስከ በራችን ይወጣል፤ ድምፁን እንደ ጠላሁት አለሁ። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ነው። ቡርቃ ግን ደህና አይደለችም። ስታውቂያት ምንጫችን እንደ ክንዴ ወፍራም ሆና ነበር የምትወርደው። አሁን እንደ አውራ ጣቴ ናት። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ዱላዋን ተመርኩዛ ስትጠብቅ አያታለሁ። ስታየኝ ደግሞ አትምረኝም፤ «የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ውሃችንን የት ሰበሰቡት?» ትለኛለች። አንቺ ስትሄጂ በአንቺ ቦታ የተፋሰስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ያደረጉት እኔን ነው።

ስለ እኔና ስለ ቁጥር አንድ ነገር ላንሳ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ራውዳ ግን አታውቅም፣ እየጻፈች ትስማ።

ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ሰነቴ አምባ ላይ ጢሜ ውርጭ እየያዘ ዕድሜዬን ቀይ ቀበሮ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ኮቴ አይቼ ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ፣ ሮጦ ይሁን ተረጋግቶ እናገራለሁ። ባለ ዲግሪዎቹ ሲመጡ እኔ ፊት እሄዳለሁ፣ እነሱ ከኋላዬ ይከተላሉ። እንዴት እንደምቆጥርም ታስታውሻለሽ። ለሳምንት ስወጣ ቀኝ ኪሴን ባቄላ ትሞይልኛለሽ። አንድ ቀበሮ ባየሁ ቁጥር አንዷን ባቄላ ወደ ግራ ኪሴ አሳልፋለሁ። ስመለስ ግራ ኪሴን ሰፌድ ላይ እገለብጥልሻለሁ፣ አንቺ ቆጥረሽ ትይዣለሽ፣ ጎባ ስንወርድ ለፓርኩ ጸሐፊ እንነግረዋለን። ኪሴ ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ነበር።

አንድ ጊዜ እንግዳ ደረሰብሽና ሰፌዱ ላይ ያገኘሽውን ባቄላ ሁሉ ድስት ውስጥ ጨመርሽው። ሰግጄ ስመጣ «ቀበሮዎቼስ?» አልኩሽ። ክዳኑን ከፍተሽ አየሽና «እየፈሉ ነው» አልሽኝ። እንግዶቹ እስኪያፍሩ ድረስ ሳቅን። በማግሥቱ ጸሐፊው «ጋሽ ሁሴን፣ በግምት ይንገሩኝና ልሙላው፣ ማን ያየዋል» አለኝ። ስድስት ወይም ሰባት እንደነበሩ አውቅ ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ግን ቁጥር አይደለም። «የዚህን ሳምንት ቀበሮ ሚስቴ ቀቅላዋለች፣ የለኝም» አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ ብዬ ተመልሼ ሰነቴ ወጣሁ፣ እንደ አዲስ ቆጠርኩ። አንቺም ጥፋቴ ነው ብለሽ በሶ ቋጥረሽ እስከ ዳገቱ ወገብ ሸኘሽኝ። ጀማል ያኔ በጀርባሽ ታዝሎ ነበር። ይሄን ሁሉ በዓይኑ አይቷል ለማለት ነው፤ ባያስታውሰውም።

አንቺም ከእኔ አታንሺም ነበር። ችግኝ ጣቢያ ስትሠሪ የቀን ሠራተኛ ትባዪ ነበር፣ ስትናገሪ ግን ኃላፊው ራሱ ዝም ይላል። ጥቁሩን ላስቲክ አፈር ትሞያለሽ፣ ዘሩን ታስቀምጫለሽ፣ ታጠጫለሽ፣ ተራራ ላይ ሊተከል ሲወጣ ደግሞ እንደ ሙሽራ ሚዜ አብረሽው ትሄጃለሽ። ሕግሽ አንድ ነበር። ችግኝ ከነላስቲኩ አይቀበርም። ላስቲኩ በምላጭ ይቀደዳል፣ የዞረ ሥር ይከረከማል፣ ከዚያ ነው አፈር የሚለብሰው። ሰው ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ስለዚህ መያዣ አበጀሽ። ተከላ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው ባዶ ላስቲኩን በሽቦ ሰክቶ ያመጣልሻል። የወሰደውን ያህል ባዶ ያላመጣ ቆሎውም ሻዩም የለውም። አንድ ጊዜ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሻይ ከልክለሽ ተመልሶ ሲቆፍር አይቻለሁ። ከቡርቃ በላይ ያሉት ትልልቆቹ ኮሶዎች የዚያ ቀን ናቸው። ከሞትኩ በኋላም የማይቋረጥ ሰደቃ ነው ትዪ ነበር። ልክ ነሽ፤ ያሉት እነሱ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቆሻሻው ልምጣ።

ባለፈው ክረምት የችግኝ ዘመቻ መጣ። ጀማል እንደምታውቂው የተፈጥሮ ሀብት ተምሮ ባለሙያ ሆኗል፤ ቦታውን የመረጠውም ሥራውን የመራውም እሱ ነው። የመረጠው ቁልቁለት ከቡርቃ በላይ ያለውን፣ የአንቺ ኮሶዎች ያልደረሱበትን ገላጣውን ነበር። ደስ አለኝ። እናቱን አስቦ ነው አልኩ። ሰው በአውቶቡስ መጣ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት። ችግኙን የጫነው መኪና ዘግይቶ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሩጫ ነው። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በጫማው ይረግጣል፣ ሁሉም ደግሞ ፎቶ ይነሳል። አንድ ወፍራም ሰውዬ አንዲትን የጽድ ችግኝ ሦስት ጊዜ ተከላት፤ ፎቶ አንሺው አልወጣችም እያለው።

እኔ ምን እሠራ ነበር? ነጭ ኮፍያዬን አድርጌ ከላይ ቆሜያለሁ። ዱዓ አድርግ አሉኝ፣ አደረግኩ። ሲጨርሱ ቁልቁለቱ ጽድት ብሎ ነበር። አንዱ ድምፅ ማጉያ ይዞ «አንድ ላስቲክ እንኳ መሬት ላይ አይታይም፣ ለዚህ ንጽሕና ኮሚቴውን እናመሰግናለን» አለ። እኔም ጢሜን ዳበስኩ።

ዘይነብ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ራውዳ አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ዓመት በራችን ምስማር ላይ የባዶ ላስቲክ ዘለላ ተሰቅሎ እያየሁ የኖርኩ ሰው፣ ላስቲክ የማይታይበትን ተራራ ንጹሕ ነው ብዬ ተመሰገንኩ። ባዶዎቹ የታሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ከጀማል በፊት የተጸየፍኩት ራሴን ነው። ይሄን ጻፊው፣ ራውዳ፣ ትልቅ አድርገሽ ጻፊው።

ጥር ላይ አዲሶቹ የኮሶ ችግኞች ቢጫ ሆኑ። ጽዱ እንደ ቤት መጥረጊያ ደረቀ። ድርቅ ነው አሉ፣ እኔም ድርቅ ነው አልኩ። አንድ ቀን ከብት አስወጣለሁ ብዬ ስወጣ አንዱን ችግኝ ያዝኩና ሳብኩት። ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጥቁሩ ላስቲክ እንዳለ ነበር። ሥሩ ውስጡ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ራሱን አንቆ እንደ ታሰረ አንጀት ሆኗል። የታፈነው አፈር ሸተተኝ። ሁለተኛውን ሳብኩ፣ ያው። ሦስተኛውን ሳብኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ፤ እኔ መቁጠር ስተው የመጀመሪያዬ ነው። የሞተ በሬ ውስጥ እጄን የከተትኩ ያህል ቀፈፈኝ። ቡርቃ ወርጄ እጄን ታጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀኝም። ጠብቄ ጠብቄ ነው የታጠብኩት ደግሞ፤ ውሃው ቀጥኗል ብዬሻለሁ።

መጋቢት ላይ ጀማል በሞተር ብስክሌት መጣ። ወረቀት ይዟል፣ ለጣት አሻራ የሚሆን ቀለምም ይዟል። ራሱ አነበበልኝ። ከቡርቃ በላይ የተተከሉት ችግኞች ጸድቀዋል ይላል፤ ቁልቁለቱ አገግሟል ይላል፤ ማኅበረሰቡ ተረክቧል ይላል። ሰብሳቢው ሲፈርም መዝገቡ ይዘጋል። ከተዘጋ ወዲያ ለዚያ ቦታ ችግኝም ጥበቃም አይመደብም፤ ያገገመ መሬት ማን ያክማል? ከብት ይገባበታል፣ ቡርቃም ታበቃለች። ለጀማል ደግሞ ሮቤ ላይ የኃላፊነት ቦታ አለ፤ ይሄ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ተያይዞ ካልሄደ ለሌላ ይሰጣል።

«አባ፣ አንዲት ጣት ናት» አለኝ። «ምን ይጎድልብዎታል?»

ተነሳሁና ከደጅ ያንን የነቀልኩትን ችግኝ ከነላስቲኩ አምጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩለት። አፈሩ ተበተነበት። አየው። አልደነገጠም። ዘይነብ፣ ያቅለሸለሸኝ እሱ ነው፤ አለመደንገጡ። ያውቅ ነበር።

«ሰዓት አልነበረንም» አለኝ። «ከቀትር በፊት ተተክሎ ማለቅ ነበረበት። ላስቲክ እንቅደድ ብንል ግማሹ መኪናው ላይ ይቀር ነበር።»

ይቅር ነበራ፣ አልኩት። መኪና ላይ የቀረ ችግኝ ነገ ይተከላል።

«በየቦታው እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ አባ። የእርስዎ የባቄላ ዘመን አልፏል።»

ባቄላዬ ዋሽቶ አያውቅም፣ ቢበዛ ተቀቅሏል፣ አልኩት። ራውዳ እዚህ ላይ ሳቀች፤ እሱ ግን ያኔ አልሳቀም። ቀጥዬ የአንቺን ሕግ ነገርኩት፤ ባዶ ላስቲኩን በሽቦ ሰክተህ አምጣ፣ የተከልከውን ያህል ሲሞላ ጣቴን ውሰድ፣ እስከዚያ ይህቺ ጣት የእኔ ናት። ቀለሙን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ሄደ። ሞተሩን ሲያስነሳው የአዴ ፋጡማ ውሻ እስከ አስፋልቱ አባረረው። ውሻዋን በልቤ አመሰገንኩ።

ከዚያ ሽማግሌ ላከብኝ። በአባቱ ላይ ሽማግሌ። ሁለት ሰዎች መጡ፤ ስማቸውን አላነሳም፣ አንቺ ጋ ሲመጡ ራሳቸው ይንገሩሽ። «ልጅ ነው፣ እንጀራው ነው» አሉኝ። እንጀራውስ ቡርቃ ከደረቀች በምን ውሃ ይቦካል፣ አልኳቸው። «አንተ ቀበሮ ጠብቀህ ምን አገኘህ?» አለኝ አንደኛው። ቀበሮዎቹን አገኘኋቸዋ፣ አልኩት፤ ሰነቴ ውጣና ቁጠራቸው፣ ዛሬም እዚያው ናቸው። እኔ ይሄን ሥራ ሥራ ብዬ ነው የያዝኩት። ዛሬ ጀማልና መሰሎቹ ተራራውን እንደ መሰላል ይረግጡታል፤ ላይኛው ወንበር ላይ ሲደርሱ መሰላሉን አያዩትም። ዱር ጠባቂም ሆነ አፈር ጠባቂ፣ የሚጠብቀው ነገር እጁ ውስጥ እየሞተ ወረቀቱ ከለመለመ ሌባ ነው። ልጄ ስለሆነ ሌላ ስም አላወጣለትም። ሽማግሌዎቹን ሻይ ሳላጠጣ ሸኘኋቸው። በሕግሽ መሠረት ነው፤ ባዶ ላስቲክ አልያዙም።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ግድግዳውን ስዳብስ ምላጭሽን አገኘሁት። ግማሿን ምላጭ፣ ጫፏን በጨርቅ እንደጠቀለልሻት፣ ከበሩ በስተግራ ጭቃው ውስጥ እንደሻጥሻት አለች። ዝጋለች፤ በድንጋይ ሳልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱብሂ ሰግጄ ወደ ቁልቁለቱ እወጣለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ተንበርክኬ ለመነሳት ዶማውን መመርኮዝ አለብኝ። የችግኙን ግንድ በጥፍሬ ፋቅ አደርጋለሁ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። እቆፍረዋለሁ፣ ላስቲኩን በምላጭሽ እቀደዋለሁ፣ የዞረውን ሥር እከረክማለሁ፣ ጉድጓዱን አሰፋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ከሞተው የተረፈው ጥቂት ነው። ባዶዎቹን በሽቦ ሰክቼ አንቺ ትሰቅዪ በነበረበት ምስማር ላይ እሰቅላለሁ። አዴ ፋጡማ ማዶ ሆና «አሁን ገና ሰብሳቢ ሆኑ» ትለኛለች። ዘለላው ገና ቀጭን ነው። እጄ ግን ምን ያህል ጊዜ ብታጠብ ያው ይሸተኛል።

ጀማል ለኢድ አልመጣም። ራውዳን ብቻ ላካት። እኔም አልጠየቅኩም። ወረቀቱ ከሳጥኑ ላይ ነው፣ አፈሩም እላዩ ላይ እንዳለ፤ ነገ ሊወስደው እንደሚመጣ ልኮብኛል፤ ተፈረመም አልተፈረመም።

ትናንት ጠዋት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ መሬቱ ለስልሷል። የተውኩት ረድፍ ጋ ስደርስ ከእኔ ቀድሞ የሠራ ሰው አለ። ስድስት ችግኞች ወጥተው ተመልሰዋል። አፈሩ በሚገባ አልተጠቀጠቀም፣ የለማጅ እጅ ነው። ከረድፉ ጫፍ ስድስት ባዶ ላስቲኮች እንዳይበሩ ድንጋይ ተጭኖባቸው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ኮቴውን አየሁ። የቢሮ ጫማ ነው። ግራ ተረከዙ አፈሩን ይጭራል። ጀማል በልጅነቱ ከዳማው ወድቆ ስድስት ወር ያሸሽው እግር ትዝ ይልሻል? ያ እግር ነው። ሲመጣ ተቻኩሏል፤ ሲመለስ ኮሶዎችሽ ሥር ቆሟል፣ ለረጅም ጊዜ፤ ሁለቱም እግሮቹ ጭቃው ውስጥ ሰምጠዋል።

ዛሬ ከጎባ ስትመጣ ራውዳን ጠየቅኳት። ትናንት ቤታቸው ጫማው ጭቃ ለብሶ እንደገባ፣ ሱሪውም ጉልበቱ ላይ ረጥቦ እንደነበረ ብቻ ነገረችኝ። እሷም አልጠየቀችውም።

ይቅር አላልኩትም። ነገ ቢመጣም ጣቴን አያገኝም፤ ወረቀቱን እንዳመጣው ይወስደዋል፣ የሮቤው ወንበርም ለሌላ ይሁን። ስድስት ላስቲክ ያንን ሁሉ ውሸት አይሸፍንም፣ የሠራውም ሥራ አሁንም ያንገሸግሸኛል። ግን አንቺ ታውቂኛለሽ። ስድስት ስድስት ነው። ስለተናደድኩ አምስት አላደርገውም፣ ልጄ ስለሆነም ሰባት አልለውም። ስድስቱን ለብቻቸው በሌላ ሽቦ ሰክቼ ከእኔው ዘለላ ጎን ሰቅያቸዋለሁ። ስድስት ባቄላም ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አሳልፌያለሁ። ነገ ሲመጣ ዓይኑ ምስማሩ ላይ ያርፋል፤ ሻዩን እሰጠዋለሁ፤ ለስድስት የሚሆን፣ ግማሽ ብርጭቆ።

ስለ መርሳት አትጨነቂ። እኔ የምረሳው ነገር ኪሴ ውስጥ ያላስገባሁትን ነው፣ አንቺን ደግሞ ግድግዳዬ ውስጥ ነው የሻጥኩሽ። ጉልበቴ እስከቻለ እስከ መጨረሻው ረድፍ እሄዳለሁ፤ ባይችል ምላጭሽን ለራውዳ እሰጣታለሁ። እጇን ዘርግታ አሁኑኑ ይስጡኝ አለችኝ። ቆይ ብያታለሁ።

እሱ ረስቶት የሄደው ቀለም እዚህ አለ። በዚያኛው ወረቀት ላይ የነፈግኩትን ጣት እዚህኛው ላይ አሳርፋለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነውና።

ጀነት ያድርግሽ። ደህና ሁኚ፣ ሀዳ ጀማል።